ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ገጽ አትሥሪ

እኅቴ፣ «በፍላተር (በአንድ ኮድ ለተለያዩ ስልኮች መተግበሪያ በሚሠራበት መሣሪያ) የሠራሁት መተግበሪያ በእኔ ስልክ ያምራል፣ በደንበኛዬ ስልክ ግን ይቆራረጣል፤ ለየስልኩ የተለየ ገጽ ልሥራ?» ብለሻል። እባክሽ አትሥሪ! «ይህ ስልክ ከሆነ ይህን፣ ያኛው ከሆነ ያንን አሳይ» የሚል ኮድ ስጽፍ ሁለት ወር ፈጅቻለሁ፤ አዲስ ስልክ በመጣ ቁጥር እንደገና ይፈርሳል።

1. የረድፍ ስፋት በቁጥር አትቸንክሪ። እዚህ ባሕር ዳር ለጣና ጀልባዎች ትኬት መቁረጫ ስሠራ ለገዳሙ ስም 300፣ በቀኙ ለሚጻፈው ዋጋ 100 ሰጠሁ። የእኔ ስልክ ስፋቱ 1080 ፒክስል፣ ጥግግቱ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ነጥቦች) 420 ነው። 1080ን ለ420 አካፍለሽ በ160 ስታባዢው 411 ይመጣል፤ ፍላተር ስፋትን የሚለካው በፒክስል ሳይሆን በዚህ ልክ ነው፤ 400ው በደንብ ገባ። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ግን 720 ፒክስል በ320 ነበር፤ የሚደርሰው 360 ብቻ ነው። አርባው ከስክሪኑ ውጭ ቀረ። አራት አኃዝ የነበረው ዋጋ ሁለት አኃዝ ሆኖ ታየ።

በሙከራ ላይ ሳለሽ ረድፉ ከተሰጠው ስፋት ሲያልፍ ቢጫና ጥቁር ሰንበር ያስጠነቅቅሻል፤ ለደንበኛ በሚሰጠው ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ሰውየው ባለጉዳይ በሞላበት ቢሮ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ሰው በዚህ ዋጋ ልታሳፍርብኝ ነው?» አለኝ። ስለ ዋጋው እውነቱን ነው። ሰው ፊት ማዋረዱና ቀሪ ክፍያዬን መከልከሉ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መፍትሔው የአንድ መስመር ሥራ ነበር፦ ስሙን ኤክስፓንድድ (የተረፈውን ቦታ ብቻ የሚሞላ የፍላተር ሣጥን) ውስጥ ማስገባት፣ ዋጋውን በራሱ ስፋት መተው።

2. ለጽሑፍ ቋሚ ቁመት አትስጪ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የስልካቸውን ፊደል ያተልቃሉ። «ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ 48 ቁመት በሰጠሁት ሣጥን ውስጥ «ምሕረት» ጠፋ፤ ገዳሙን የማያውቅ እንግዳ ምን ብሎ ያንብበው? ዝቅተኛውን ቁመት ብቻ ወስኚ፣ ገጹም ወደ ታች የሚንሸራተት ይሁን፤ አለዚያ የክፍያው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የስልኩን ዓይነት መጠየቅ ትቼ፣ ገጹ አሁን ስንት ስፋት እንደተሰጠው ይህንኑ በሚነግረኝ የፍላተር ክፍል፣ በሌይአውት ቢልደር ብቻ መጠየቅ ጀመርሁ። ከ600 በታች ከሆነ አንድ ዝርዝር፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዝርዝሩ በግራ፣ የጉዞው ሰዓትና ዋጋው በቀኝ። 600 የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ አንድሮይድም ጠባቡን ስክሪን ከመካከለኛው የሚለይበት ልክ ነው። ዛሬ ያው ኮድ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በታብሌት፣ ወደቡ ላይ ደግሞ በትኬት ቆራጩ ትንሽ ስልክ ይሠራል፤ ዋጋውም ሙሉ ነው።

ነገ ለደንበኛሽ ከመላክሽ በፊት ኮምፒውተርሽ ላይ የ360 ስፋት አስመሳይ ስልክ ክፈቺ፣ ፊደሉን እስከ መጨረሻው አተልቂ፣ ከዚያ ረጅሙን ስም ፈልገሽ አንብቢው። አልስተካከል ካለሽ የረድፉን ኮድ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።