መልስ፦ የኖኅን የጥፋት ውሃ ከአፈ ታሪክ ጋር ስለማዋሃድ

እህቴ፣ ለምናባዊ ልብ ወለድሽ የኖኅን የጥፋት ውሃ ከጥንት አፈ ታሪክ ጋር ባዋህድ ነውር ይሆን ወይ ብለሻል። ኧረ በፍጹም! ደግሞ ደሴ ተቀምጠሽ ሩቅ አትሂጂ፤ ሐይቅ የሚባለው የወሎው ሐይቅ ደጅሽ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ ዙሪያዋን ውሃ አደረገው፤ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ ይባላል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያው ላይ ነው። ከኖኅ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚገጥም እዪው!

መጽሐፈ ሄኖክንም አንብቢ። ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው። ከጥፋት ውሃው በፊት 200 መላእክት ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ አዛዝኤል ሰይፍ መሥራትና ዓይን መኳል ያስተምራል። እኔ ብሆን ከኩሉ እጀምር ነበር።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ኖኅ ለሙስሊሙም ነቢዩ ኑህ ነው፤ አንባቢሽ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነው። ስለዚህ በልብ ወለድሽ ክፉውን ሥራ ለኖኅ ሳይሆን ራስሽ ለፈጠርሽው ገጸ ባሕርይ ስጪው።