«እናቴን በየወሩ ምች ይጥላታል»፦ ሳሙናና ውኃ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የእናቴ ሁለቱም እግሮች ከጉልበት በታች ካበጡ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በወር ሁለት ጊዜ ያህል እግሯ ይግላል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሦስት አራት ቀን ከመደብ አትነሣም። ጎረቤት «ምች ነው» ይላል። በቅርቡ «አነደድ ወረዳ ላይ ጥናት ተደርጎ በሳሙናና በውኃ ይድናል ተባለ» የሚል ወሬ ሰማሁ። እውነት ነው? ሌላም አለኝ። ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች «ዘሩ ላይ ዝሆኔ አለ» ብለው እያመነቱ ነው። እኔንስ ይይዘኛል?

መልስ፦ ወሬው እውነት ነው፤ ሲዞር ግን ትንሽ አብጧል።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ የእናትዎ ሕመም ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ይመስላል። ትንኝ አያመጣውም፤ ድግምትም፣ የሞተ እባብ መርገጥም አይደለም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ያለው ቀይ አፈር ደቃቅ ማዕድናት አሉት። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ማዕድናቱ በቆዳ ይገባሉ። ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ይዘጓቸዋል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ መደብ ቢተኙ፣ ከአንድ ገበታ ቢቆርሱ አይጋባም። ሥጋ ደዌም አይደለም።

ወደ ጥናቱ ልምጣ። የእንግሊዙ ብራይተንና ሱሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አነደድ ላይ 696 ሕሙማንን ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ግማሾቹ የእግር እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ። በዚያ ዓመት እንክብካቤውን ያልጀመሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 23.9 ጊዜ «ምች» ጣላቸው። የጀመሩትን 19.4 ጊዜ።

ልዩነቱ አራት ከግማሽ ነው። «ይኸው ነው እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያው ብዬ ነበር። ግን በአረም ወቅት አራት ጊዜ አለመውደቅ ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ ልጅ አልነግርም። ደግሞም ሳሙናና ውኃ ነው እንጂ ውድ መርፌ አይደለም። «ይድናል» የሚለውን ግን ይተዉት። ገና የጀመረ እብጠት ሊመለስ ይችላል፤ የአሥራ አምስት ዓመት እብጠት ይቀንሳል እንጂ እንዳልነበረ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እግሩ በሳሙና ይታጠባል፤ በተለይ በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ። ጀርሞች የሚገቡት በዚያ ስንጥቅ ነውና። ከዚያ ስድስት ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ማለትም የትልቁን ጀሪካን ሲሶ የማይሞላ፣ ሳፋ ላይ ይገለብጣሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ይጨምሩበታል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል መሆኑን ይዩ፤ «ይጠንክርላት» ብለው አያብዙ፣ ቆዳ ያቃጥላል። እግሩ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫኑ ማድረቅ ነው፤ ማሸት የለም። ጣቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ። ይህ በየቀኑ ነው። የፋሻ አጠቃለሉን ከጤና ጣቢያ ይማሩ፤ በግምት አይሞክሩት።

«ምች» ሲነሣባት ግን ፋሻው ይፈታል። እግር ከፍ ተደርጎ ይታረፋል፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ይበርዳል፣ ፓራሲታሞል ይወሰዳል። መግል ወይም ቁስል ካለ፣ ትኩሳቱም ካልበረደ፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ስለ ጠበሉ አልጠየቁኝም፤ ብዙዎች ግን ይጠይቁኛል። ሂዱ እላለሁ። ብቻ በጭቃው ላይ ጫማ ይኑር። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወልቅም ካልሲው አይውለቅ፤ ቤት ሲገቡ እግር ይታጠብ። ጤፍ ለሚዘራ ሰው «ጫማ አድርግ» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጭቃው ጫማውን ያስቀረዋል። እሱም ከእርሻው እንደወጣ ይታጠብ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጉዳይ። የልጅቷ ቤተሰቦች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የታማሚ ወንድምና እኅት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ይጋለጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለው በወላይታ ሰዎች ላይ ተገኘ። ነገር ግን የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ ለአፈሩ ስሱ መሆን ነው። አፈሩ ቆዳዎን ካልነካ ጂኑ ብቻውን እግር አያሳብጥም። እርስዎ ከዛሬ ጀምረው ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ ልጆች ሲወለዱም ድክ ድክ ማለት እንደጀመሩ ያጫሟቸው። ሽማግሌዎቹ ይህችን ጽሑፍ ይዘው ቢመለሱ ቅር አይለኝም።