«እግዜር ይቀጣሃል» እያልን ልጆችን ማሳመን ይቻላል?

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህር? የስድስት ዓመት ወንድ እና የአራት ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። በሃይማኖት ላሳድጋቸው እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ራሴም ብዙ ስላልተማርኩ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቅዳሴ ላይ አልረጋ ይሉኛል፤ ሰውም ይቆጣኛል። በቀደም ወንዱ «እግዚአብሔር የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቅሽ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ባጠፋ ቁጥር «እግዜር ይቀጣሃል፤ ዓይንህን ያጠፋዋል» ትለዋለች። አሁን ማታ ማታ መብራት አታጥፉብኝ ማለት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጨረሻ ላይ ያነሣሽውን ላስቀድም፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። እኅቱን የመታ ልጅ «እግዜር ዓይንህን ያጠፋዋል» ሲባል ወይ እግዚአብሔርን እንደ ጅብ እየፈራ ያድጋል፣ ወይ ዓይኑ ሳይጠፋ መቅረቱን አይቶ የነገራችሁትን ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ልጅሽን ያገኘው የመጀመሪያው ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር የጥበብ መጀመሪያ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱ እየወደዱና እያከበሩ መጠንቀቅ እንጂ በጨለማ መንቀጥቀጥ አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሰዎች ሕፃናትን ወደ ጌታ ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ ገሠጿቸው። ጌታ የተቆጣው በከልካዮቹ ነው፤ ሕፃናቱንማ አቀፋቸው፣ እጁንም ጭኖ ባረካቸው። ዛሬ ማታ ለልጅሽ ይህን ንገሪው። ሲያጠፋ ዝም በዪው ማለቴ አይደለም። ገሥጪው፤ ግን ቁጣሽን በእግዚአብሔር ስም አታድርጊው። «እኔ አዝኛለሁ፤ እኅትህን ይቅርታ ጠይቃት» በዪው፤ ከዚያም አብራችሁ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን» በሉ።

የልጁ ጥያቄ ነውር የለበትም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 የፋሲካ ሥርዓት ሲሠራ እንኳ ልጆች «ይህ አምልኮ ምንድር ነው?» ብለው እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ታስቦ፣ ወላጆች የሚመልሱት ተነግሯቸዋል። ስለዚህ መልሺለት። «እውነትህን ነው፣ እኔም በዓይኔ አላየሁትም» ብለሽ ጀምሪ፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም ያየው አንድ ስንኳ የለም፣ አንድ ልጁ ተረከው ብሏልና። ቀጥሎ በእመቤታችን ሥዕል ፊት አቁሚውና ጣቱን ይዘሽ የታቀፈችውን ሕፃን አሳዪው። «የማይታየው እግዚአብሔር እንድናየው ሰው ሆነ፤ ከእናቱ ጡት ጠባ፤ እንደ አንተ የስድስት ዓመት ልጅም ነበር» በዪው። ሊቃውንቱ ምሥጢረ ሥጋዌ ብለው የሚያስተምሩት ይኸው ነው። ምናልባት «ይጫወት ነበር?» ይልሽ ይሆናል። ወንጌል በጥበብና በቁመት ያድግ እንደ ነበር ይናገራል፤ ያንን ንገሪው። ከዚያ ያለፈውን «አላውቅም፤ እሑድ የንስሐ አባታችንን እንጠይቃቸዋለን» በዪው። ፈጥሮ ከመንገር ይህ በብዙ ይሻላል፤ ልጅ የተዋሸውን አይረሳም።

ብዙ አልተማርኩም ማለትሽ አያስጨንቅሽ። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን የልጁ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ በእናቱም በኤውንቄ እንደ ነበረች ይመሰክራል። ማታ ከመተኛታቸው በፊት እጃቸውን ይዘሽ አማትቢላቸው። ከግንባር ወደ ታች ስታወርጂ «ጌታ ከሰማይ ወረደልን»፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስትወስጂ «ከጨለማ ወደ ብርሃን አወጣን» በዪ። «አባታችን ሆይ»ን በሚገባቸው በአማርኛ፣ በሳምንት አንድ አንድ ሐረግ አስይዣቸው። ትንሿ «የዕለት እንጀራችንን» የሚለውን ቶሎ ትይዘዋለች፤ እንጀራን ታውቀዋለቻ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን አይቋረጥ። የራስሽንም ጸሎት ተደብቀሽ አታድርሺ፤ ስትሰግጂ ይዩሽ።

ቅዳሴን በተመለከተ፣ ልጆቻችን በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ሲጠመቁ የዚያኑ ዕለት ቅዱስ ሥጋውን ክቡር ደሙን ይቀበላሉ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን እንግዶች አይደሉም፤ የሚቆጣሽም ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ የሚረብሹት ከሰው እግር ኋላ ቆመው ምንም ስለማይታያቸው ነው። ቀደም ብለሽ ሂጂና ወደ ፊት ጠጋ በዪ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ»፣ ማለትም «ተነሡ» ሲል ምን እንደሚደረግ ቤት ውስጥ አሳዪያቸው፤ ያኔ ጥሪውን ራሳቸው ይጠብቁታል። ሲደክማቸው ወደ ግቢው አውጥተሽ አሳርፊያቸውና መልሺያቸው። ጸጥ እንዲሉ ብለሽ ግን ስልክ አትስጫቸው፤ ከዚያ መሯሯጡ ይሻላል።

እናትሽን በልጆቹ ፊት አትናገሪያት። እሷም በልጅነቷ የተነገራትን ነው የምትናገረው፤ ለእግዚአብሔር ያላት ፍቅር ደግሞ ለልጆቹ ትልቅ ሀብት ነው። ለብቻዋ ቁጭ ብላችሁ የልጁን ፍርሃት ንገሪያትና ሥራ ስጫት፤ የማታ ታሪክ ነጋሪ ትሁን። የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ታሪክ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ስለ እምነታቸው የተጣሉበት የፈላ ውኃ ያስፈራዋልና ለአሁኑ ይቆየው፣ ሐምሌ 19 ሲደርስ ትንሽ በርትቶ ይሰማዋል። አሁን የሚያስፈልገው ሳሙኤል ነው፤ የእግዚአብሔር መብራት ገና ሳይጠፋ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር በስሙ የጠራው ልጅ።

ወንዱ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጾም የሚለማመድበት ዕድሜ ይሆናል። ነሐሴ 1 የሚገባው ጾመ ፍልሰታ ልጆች በብዛት የሚጾሙበትና የሚቆርቡበት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመቸዋል። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጤናውን አይተው የንስሐ አባታችሁ ይወስኑለት፤ ወደ ቅዳሴውም አያቱ ይዛው ትሂድ።