«ቅቤ ስላልቀባሻት ነው ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ ስትወለድ ራሷን ጥቁር ጸጉር ሞልቶት ነበር። በሦስተኛ ወሯ መርገፍ ጀመረ። አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ምንም አልበቀለም። ቅንድቧም ሳስቷል። አማቴ «ቅቤ ስላልቀባሻት ነው» ይሉኛል። ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት እሺባት ብላኝ ሁለት ሳምንት አሸሁባት፤ ልጅቷ ትጮኻለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ ደግሞ «እንዲህ የሚሆኑ አይጦች አሉ፣ የዘር ነው» አለኝ። ልጄን ከአይጥ ጋር ያወዳድራል ብዬ ተጣላሁት። የእኔና የባለቤቴ አያቶች ወንድማማቾች ናቸው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሚመጣውስ? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምሽ ጋር ታረቂ። ልጁ የተናገረው ነገር አለው።

እኔ የባዮሎጂ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጅሽን ሳላይ ይህ ነው አልልም። ግን ጸጉሯ በቅሎ፣ ረግፎ፣ ሳይመለስ ቀረ ያልሽው ነገር አይጦቹን አስታወሰኝ።

እነዚህ አይጦች ለንደን ውስጥ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ1926 ተጻፈላቸው። ግልገሏ እንደ እህቶቿ ጸጉር ታበቅላለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ከዓይኗ አካባቢ ይጀምርና ወደ ኋላ እየረገፈ ይሄዳል። በወሯ ራቁቷን ናት። ምክንያቱ አንድ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) መበላሸቱ ነው። እንዲህ ይሆናል፦ የጸጉር ሥር ይሠራል፣ ያርፋል። ሲያርፍ ወደ ላይ ያጥራል፤ ከሥሩ ያለች ትንሽ የሕዋስ ቋጠሮም ተከትላው ትወጣለች። ቀጥሎ ተነስ፣ አብቅል የምትለው እሷ ናት። በእነዚህ አይጦች ግን ቋጠሮዋ ተለይታ ከታች ትቀራለች። ጥሪው አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጸጉር ደህና ይበቅላል፤ ሁለተኛው ነው የሚቀረው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ በአንድ የፓኪስታን ቤተሰብ ውስጥ ያው ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። በሰው ላይ 8ኛው ክሮሞሶም (ጂኖች የተደረደሩበት ክር) ላይ ነው ያለው። ቅቤ እዚያ ድረስ አይዘልቅም፤ አማትሽን በትሕትና ንገሪያቸው።

የሚመጣውን በቡና ልንገርሽ፣ የጅማ ሰው ነሽ። የልጅሽ ችግር ይኸው ከሆነ፣ ይህ ጂን ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ነውና እጅሽ ላይ ሁለት ፍሬ አለ በይ፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ነቀዝ የበላው። ባለቤትሽም እንዲሁ። ደህናው ስላለላችሁ የሁለታችሁም ጸጉር ሙሉ ነው። ልጅ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳል። ሁለቱም የተነቀዘው ከደረሰው ጸጉሩ ይቀራል። ይህ ከአራት አንድ ዕድል ነው። የመጀመሪያዋን ስላገኛት ቀጣዮቹ ሦስቱ ያመልጣሉ ማለት አይደለም፤ በየእርግዝናው እጣው እንደ አዲስ ይወጣል። ዝምድናችሁን መጻፍሽ ጥሩ ነው፦ ያው የተነቀዘ ፍሬ ከአንድ ቅድመ አያት ለሁለታችሁም ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሌላም ሊሆን ይችላል። ቆረቆር አለ፣ ፈንገስ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል። ላሽ አለ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ጸጉር ሲያጠቃ ነው። (አንድ ጊዜ መላጣ ተማሪዬን ቆረቆር መስሎኝ ከጓደኞቹ ለይቼ ለብቻው አስቀመጥኩት። የልጁ ላሽ ነበር፤ አይተላለፍም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።) ከሁሉም ግን የልጅሽን እግር እይልኝ። ቫይታሚን ዲን የሚቀበለው ጂን ሲበላሽም ጸጉር ልክ እንዲህ ይረግፋል፤ ያኔ ግን አጥንትም ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል። ይህኛው ሕክምና ይፈልጋል፣ አይዘግይ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰጃትና መቼ እንደረገፈ፣ ዝምድናችሁንም፣ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው።

የአይጦቹ ዓይነት ከሆነ ጸጉሩን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ቁርጡን ማወቅ ይሻልሻል ብዬ ነው። አእምሮዋንና እድገቷን ግን አይነካም። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ኮፍያ አድርጊላት።

ነጭ ሽንኩርቱን ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ውስጥ ጨምሪው።