ነርሲንግ ለመማር ገንዘብ ለቸገራችሁ

አቦ፣ «ሙሉ ወጪዬን የሚችል ስፖንሰር ታውቂያለሽ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች በዛችሁ። ድሬም ሐረርም በነርስነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። እንዲህ ያለ ስፖንሰር አልፎ አልፎ ይገኛል። እሱን ብቻ ሲጠብቅ ዓመት ያለፈበት ልጅ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ ካደረሳችሁ እሱ ሳይለይ የግል ኮሌጅ አትመዝገቡ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች እዚሁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው የሚማሩት፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል እየተለማመዱ። ሌላ ክልል ቢደርሳችሁም ሩቅ ነው ብላችሁ አትተዉት። ወላጆች «ልጄ ዕዳ ፈረመ» ብለው የሚደነግጡበት ወጪ መጋራትም ያን ያህል አያስፈራም። በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ እንዲጋራ ነው የተደነገገው፤ አከፋፈሉም ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ዛሬ ኪሳችሁ ባዶ ስለሆነ የሚያስቀራችሁ ነገር የለም።

ለዲግሪ ካልደረሳችሁ በመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ (ሌቭል የሚሉት፣ ከዲግሪ በታች ያለው ሥልጠና) መማር አለ፣ ሐረርም ኮሌጁ አለ። ማስታወቂያውን ከጤና ቢሮና ከኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንብቡ፣ በወሬ አትጠብቁ። የአገልግሎት ውል ካስፈረሟችሁ ስንት ዓመት፣ የት እንደሆነ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ አይታችሁ ፈርሙ። እኔ ውሉን አልጠላውም። ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። በዲፕሎማ ሥራ ገብቶ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ዲግሪውን የተማረም ብዙ ነርስ አለ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚመለከተው የመንግሥት አካል፣ ለዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለዚያው ካምፓስ፣ ለነርሲንግ ፈቃድ መስጠቱን አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። በደረጃ ለሚማር ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ፈተና አለ። ክፍያው ረከሰ ብላችሁ ፈቃድ የሌለው ቤት ከገባችሁ ያ ሁሉ ብር የድሬው ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወሰደው በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በወር ክፍያው ብቻ አይደለም። ነጩ ጋውን አለ፣ ጫማው አለ፣ ፎቶ ኮፒው፣ የፈተና ክፍያው፣ ጠዋት ፕራክቲስ ለመድረስ የሚከፈለው ባጃጅ፣ ያውም በእኛ ሙቀት በእግር ሂዱ ሊባል አይችልም፣ ማታ ተረኛ ስትሆኑ ደግሞ የምትበሉት ነገር። ይሄን ሁሉ በወረቀት አውጡት። ከላይ በተማሩት ጠይቃችሁ ዋጋውን ጻፉበት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወጪ አንድ ሰው ፈልጉለት።

«እርዱኝ» ብቻ ብትሉ ሰው ያዝንና ያልፋል። «ጋሼ፣ ጋውንና ጫማ ይሄን ያህል ነው፣ እሱን ቢችሉልኝ» ስትሉት ግን ከፊራ ገበያ ያለ ነጋዴም ኪሱን ይዳብሳል። ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ያለችው አክስታችሁ ሙሉ ክፍያ ሰምታ ስልክ ልትዘጋ ትችላለች፤ የትራንስፖርቱን ብቻ ስትጠይቋት «እሱማ ቀላል ነው» ትላለች። መስጊድ ዘካ የሚሰጥበት፣ ቤተ ክርስቲያን ችግረኛ የሚረዳበት መንገድ አለው። እድራችሁንም ጠይቁ፣ ሟች ለመቅበር ብቻ አይደለም የተቋቋመው። የቀበሌ የችግረኝነት ማስረጃና ትራንስክሪፕታችሁን ሁሌም ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ሬጅስትራሩም ጋ ገብታችሁ ለጎበዝ ተማሪ፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ፣ ለሴት ተማሪ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ፣ በክፍፍል መክፈል ይቻል እንደሆነም። በማስታወቂያ የማይወጣ ቅናሽ አለ፤ ለጠየቀ ይሰጣል።

ደግሞ ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ ብሎ ቀድሞ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው ስሙን እንኳ አትጠይቁ። ኮሌጁ በራሱ የባንክ ሒሳብ ነው የሚቀበለው፣ ደረሰኝም ይሰጣል። በአንድ ሰው የግል ሒሳብ አስገቡ ከተባላችሁ ውጡ።

እህቶቼ፣ በተለይ እናንተ፣ «እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ክፍያውን በቀጥታ ለኮሌጁ እንዲያስገባ አድርጉ፣ እናታችሁም ይወቁት። እምቢ ካለ ሐሳቡ ሌላ ነው።

የረዳችሁን ሰው ደግሞ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ ጠፍታችሁ አትቆዩ። በየሴሚስተሩ ውጤታችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ ደረሰኙንም ጭምር። የሚቀጥለውን ዓመት ስትጠይቁት ማን ነሽ፣ ምን ላይ ደረስሽ አይላችሁም።