«ለመሞት አልነበረም» ካለ ልመነው?

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በፊት ራሱን ጎዳ። ቁስሉ ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። ድባቴ አለብህ ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። እሱ «ለመሞት አልነበረም» ይላል። አባቴ «ይቺ ቁስል ናት እንዴ? ትኩረት ፍለጋ ነው» ባይ ነው። እናቴ ጸበል ይሂድ ትላለች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን እመኚው። ግን የዚያ ቀን መልሱ የዛሬ ዋስትና አይደለም።

ራሱን የሚጎዳ ሁሉ ሞትን አይፈልግም። አንዳንዱ የውስጥ ጭንቀቱ ለደቂቃ ረገብ እንዲልለት ብሎ ነው። ሌላው በእርግጥ መሞት ፈልጎ ነው። ብዙዎች ደግሞ መሃል ላይ ናቸው፤ ምን እንደፈለጉ ለራሳቸውም አይገባቸውም። ይህን ቁስሉን በማየት መለየት አይቻልም። አባትሽ የተሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ድባቴውስ? ድባቴ ባለበት ሰው ላይ የመሞት ሐሳብ ይበረታል። በድባቴው ውስጥ ግን ተለይቶ መታየት ያለበት ነገር አለ፤ ተስፋ ማጣት። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክና ባልደረቦቹ፣ መሞትን ያስቡ የነበሩ 207 የሆስፒታል ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። ጥናቱ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። በኋላ ራሳቸውን ያጠፉትን ይበልጥ የጠቆመው የድባቴው ክብደት ሳይሆን ተስፋ ማጣቱ ነበር።

ስለዚህ «ከፍቶሃል?» ብለሽ ብቻ አትተዪው። «የዛሬ ዓመት የት የምትሆን ይመስልሃል?» በዪው። «ምንም አይታየኝም» ካለሽ፣ እኔን ከእንባው ይልቅ ይሄ ያሳስበኛል።

ስለ ሞትም በግልጽ ጠይቂው። እኛ ቤት ስሙን መጥራት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ መጠየቅ ግን ሐሳቡን አያመጣበትም። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ቁጣም ስብከትም ሳይኖር። «መሞት አስበህ ነበር? አሁንስ?» በቃ። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል። በእሱ ዕድሜ ላሉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ፤ ቀጠሮው እንዳያልፍ። ኪኒኑ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ሊጎዳበት የሚችል ነገርም ከአጠገቡ ይራቅ። ጸበሉም ይሁን፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ።

«እንዴት እንደማደርገው አስቤበታለሁ» ካለ፣ ወይም እንደመሰናበት ካደረገው፣ ለደቂቃም ብቻውን አትተዉት። በዚያው ሰዓት ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል አለ፤ ስሙ አያስፈራችሁ። አባትሽም አብረው ይሂዱ፤ ሐኪሙን በጆሯቸው ይስሙት።