«ኖ በለው» አሉኝ፦ የሕይወት ኢንሹራንስ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። በትርፍ ጊዜያችን መኪና ወይም ሞተር እናስሮጣለን፤ ላይፍ ኢንሹራንስ ስንገዛ ይህን መናገር አለብን ወይ? አብዛኞቹ የተጻፉት ከአሜሪካ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ትራክ (የመኪና መሮጫ ሜዳ) ሄጄ የራሴን መኪና እነዳለሁ። ውድድር አይደለም፤ አሠልጣኝ አጠገቤ ይቀመጣል። ለ500,000 ዶላር ኢንሹራንስ ሳመለክት ፎርሙ ስለ መኪና እሽቅድድም ጠየቀኝ። ኤጀንቴ «ዋጋ ይጨምርብሃል፣ ኖ በለው» አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኖ አትበል። ኤጀንትም ቀይር።

መጀመሪያ የጥያቄውን ቃል በደንብ አንብብ። አንዳንዱ ፎርም የሚጠይቀው ስለ ውድድር ብቻ ነው። ሌላው ትራክ ላይ መንዳትንና ልምምድንም ይጨምራል። ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ወደፊት ያሰብከውንም ይጠይቃል። ከተጠራጠርክ አዎ በልና የምታደርገውን በሁለት መስመር ጻፍ። ኩባንያው ሌላ ፎርም ይልክልሃል። የመኪናው ዓይነት፣ የምትደርስበት ፍጥነት፣ በዓመት ስንት ቀን፣ በየትኛው ማኅበር ሥር እንደሆነ ትሞላለህ። ይኸው ነው።

የዋጋው ፍርሃትህ ይገባኛል። በእውነተኛ ውድድር በሚሳተፍ ሰው ላይ ኩባንያዎች ፍላት ኤክስትራ የሚሉትን ተጨማሪ ክፍያ ይጨምራሉ። የሚታሰበው በየ1,000 ዶላሩ ሽፋን ነው። በሺው 5 ዶላር ቢጨመር፣ ባንተ 500,000 ላይ በዓመት 2,500 ዶላር ይመጣል። ከባድ ነው። ግን ከአሠልጣኝ ጋር ጥቂት ቀን የሚነዳን ሰው ያለ ጭማሪ የሚቀበሉ ኩባንያዎች አሉ። አንዱ የሚያስከፍልበትን ሌላው ያልፈዋል። ስለዚህ ከብዙ ኩባንያ ጋር የሚሠራ ብሮከር ፈልግ። ስምህን ሳይጠቅስ ሁኔታህን ልኮ ዋጋ ይጠይቅልህ። የተለመደ አሠራር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ከወጣ በኋላ ለሁለት ዓመት ኩባንያው ማመልከቻህን መልሶ መመርመር ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ከሞተ መዝገቡ ይገለጣል። የመንጃ ፈቃድ ታሪክ ይታያል። የትራክ ምዝገባ ሊታይ ይችላል። ሄልሜት አድርገህ ፌስቡክ ላይ የለጠፍከው ፎቶም እንደዚያው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ሞቱ የግድ ትራክ ላይ መሆን የለበትም። ሰውየው በካንሰር ቢሞትም፣ እውነቱ ቢነገር ኖሮ ኩባንያው በዚያ ዋጋ የማይዋዋል ከነበረ፣ በብዙ ግዛቶች ውሉን ማፍረስ ይችላል። ያኔ ለቤተሰብ የሚመለሰው አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ ሲከፈል የቆየው ገንዘብ ብቻ ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ባሏ ሞቶባት ነበር። ሞተር ይወዳደር ነበር። ከአርባው በኋላ የመጣላትን ደብዳቤ አሳየችኝ። የማመልከቻው ቅጂ አብሮ ተያይዟል። «ኖ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገው ኤጀንቱ ነው። ባሏ ፎርሙ ስለረዘመበት አላነበበውም። ከታች ያለው ፊርማ ግን የእሱ ነው። የተላከላት ቼክ የሦስት ወር የቤት ኪራይ አይሞላም። እኛም እንደ ልማዳችን መዋጮ ጀመርን። ያ ፊርማ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥያቄ፦ በልጄ ልደት ጎካርት ነድቻለሁ። ይህንንም ልናገር?

መልስ፦ የኪራይ ጎካርት ከሆነ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ድራግ ሬስ እየተወዳደርኩ ፎርሙ ላይ ኖ ብዬ ፈረምኩ። ሁለት ዓመቱ ስላለፈ ተረፍኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ማለፉ በጣም ይረዳሃል። ተረፍኩ ግን አትበል። ሆን ተብሎ የተደረገ ማጭበርበር ከሁለት ዓመት በኋላም እንዲነሳ የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ። ያንተ ግዛት የትኛው እንደሆነ አልጻፍክልኝም። እባክህ የእኔን ቃል ይዘህ እንዳትወስን። ለኩባንያው ከመደወልህ በፊት ግዛትህ ውስጥ ፈቃድ ያለው የኢንሹራንስ ጠበቃ አነጋግር። ኤጀንት አላልኩም፣ ጠበቃ ነው ያልኩት። እስከዚያው ክፍያህን አታቋርጥ። አዲስ ፖሊሲ ብታስብም አዲሱ እጅህ ሳይገባ አሮጌውን አትሰርዝ። በአዲሱ ላይ ሁለት ዓመቱ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የትራክ ፎቶዎቼን ከፌስቡክ ላጥፋ?

መልስ፦ ፎቶውን ተወውና ፎርሙን አስተካክል።

ጥያቄ፦ ልጄ ቅዳሜና እሁድ መኪና ያስሮጣል። ሁለት ልጆች አሉት። ኢንሹራንስ ግዛ ልለው እፈልጋለሁ፣ ግን ሟርት መስሎ ይታየኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ይገባኛል። በኛ ቤት ሞትን በስሙ መጥራት ይከብዳል። ግን እድር ሲገቡ ማንም ሟርት ነው አላለዎትም፤ ይህም ከዚያ አይለይም። ፎርሙን ሲሞላ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ ይንገርዎት። ጮክ ብሎ ያነበበውን ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። የሚያስሮጠው መንገድ ላይ ከሆነ ግን ኢንሹራንሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ያስቁሙት።

ጥያቄ፦ ፖሊሲውን ከገዛሁ ከዓመት በኋላ ነው እሽቅድድም የጀመርኩት። ላሳውቅ?

መልስ፦ በራስህ የገዛኸው የአሜሪካ ፖሊሲ ከሆነ፣ ስትፈርም የተናገርከው እውነት ስለነበር በአብዛኛው አይጠበቅብህም። ማመልከቻውን ከሞላህ በኋላ ፖሊሲው ሳይደርስህ የጀመርከው ከሆነ ግን ንገራቸው። በአደጋ ለሚመጣ ሞት ተጨማሪ ሽፋን ከገዛህም አንብበው፤ ውድድርን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ሞተር ይወዳደራል። ላይፍ ኢንሹራንስ ሲገዛ እዚያም መናገር አለበት?

መልስ፦ አዎ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሆን ብሎ መደበቅ ወይም ሐሰት መናገር የኢንሹራንስ ውልን እንደሚያፈርስ ይደነግጋል። ዝርዝሩን እዚያ ያለ ጠበቃ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ትራክ እንደምሄድ ሚስቴ አታውቅም። ፎርሙ ላይ ብጽፍ ኩባንያው ይነግራታል?

መልስ፦ ደውሎ አይነግራትም። ግን አንድ ቀን ገንዘቡን የምትጠይቀው እሷ ናት። ያን ቀን ከደብዳቤ ላይ እንዳታነበው። ስለ ትራኩም ስለ ፖሊሲውም ዛሬ ማታ ንገራት። ፖሊሲው ሲመጣ የማመልከቻው ቅጂ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ገጾች ላይ ተያይዞ ይገኛል። አብራችሁ አንብቡት። አንተ ያላልከው መልስ እዚያ ላይ ካገኛችሁ በማግስቱ ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቅ፤ የጻፍከውንም ቅጂ እሷ ታስቀምጠው።